ማሾ ከኮምቦልቻ ወደ ኢንዶኔዥያ፦ ኮንቴይነሩ እዚህ ይሞላ ወይስ ጅቡቲ?

የሐርቡ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁም። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር የላኪነት ፈቃድ አውጥተን ማሾ ልንልክ ነው። እህሉ ተገዝቶ፣ ተበጥሮ፣ በ50 ኪሎ ጆንያ ተሞልቶ ኮምቦልቻ መጋዘን ውስጥ ተደርድሯል። የግዢውን ጉዳይ ጨርሰናል፤ እሱን አላነሳም። ገዢያችን ኢንዶኔዥያ ነው ያለው። በኤል ሲ (ሰነድ ስናቀርብ ባንክ በሚከፍልበት ዋስትና) ይከፍላል፤ ዋጋ የጠየቀን ኤፍ ኦ ቢ ጅቡቲ ብሎ ነው፤ ጅቡቲ መርከብ ላይ እስኪጫን ያለው በእኛ ነው ማለት ነው። የመጀመሪያው ትዕዛዝ 48 ቶን ነው፤ በሁለት ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ይሄዳል።

የተጨቃጨቅነው በመንገዱ ነው። አንዱ ጓደኛዬ «ጆንያውን በተሳቢ ጭነን፣ ሸራ አልብሰን እናውርደው፤ ኮንቴይነር ውስጥ የሚገባው ጅቡቲ ደርሶ ይሁን» ይላል። ሌላው «ባዶ ኮንቴይነር ኮምቦልቻ ድረስ አስመጥተን እዚሁ ሞልተን፣ አሽገን እንላክ» ባይ ነው። የመኪና ኪራዩን ብቻ ሳየው የመጀመሪያው በጣም ይረክሳል። ግን ሰው ሁሉ የሚነግረኝ ስለ ኪራይ ብቻ ስለሆነ ልቤ አልረጋም። የላካችሁ፣ የጫናችሁ፣ ያስጫናችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። አላህ ይስጥልኝ።

ትራንዚተር ነኝ

እንኳን ደስ ያላችሁ ወንድሜ። ከወሎ ተነስቶ በራሱ ስም የሚልክ ሰው ሳይ ደስ ይለኛል፤ እስካሁን እህላችን አዲስ አበባ ባለ ላኪ ስም ነው አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው።

ኪራዩን ለጊዜው ተወው። ወረቀት አውጣና እህልህ የሚቆምበትን ቦታ ሁሉ ጻፍ። መጋዘን በር ላይ መኪና ሲጠብቅ ይቆማል። ጉምሩክ ፈትሾ ፕሎምፕ (ማሸጊያ) እስኪያደርግ ይቆማል። ድንበሩ ጋላፊ ላይ ወረፋ አለ። ጅቡቲ ከገባ በኋላ ፒኬ 12 በሚባለው የመኪና መቆሚያ ላይ መኪናው ተራ ይጠብቃል። ከዚያ የወደቡ በር፣ ከዚያ መርከቡ። ከኮምቦልቻ ጅቡቲ መንገዱ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መኪናው ካልተያዘ የሁለት ቀን ጉዳይ ነው። ቀኑን የሚበላው ሌላው ነው። እቃ ኪስ የሚያራቁተው ሲሄድ ሳይሆን ሲቆም ነው። የመኪና መቆሚያ ይጠየቃል፣ የወደብ መጋዘን ይጠየቃል፣ ኮንቴይነሩ የተፈቀደለት ቀን ያልቃል፣ ከባንክ የወሰድከው ብር ወለድ ይቆጥራል።

ስለዚህ ሁለቱን ሃሳብ በኪራይ አታወዳድራቸው። በየትኛው መንገድ ስንት ቦታ ይቆማል? ሲቆምስ የሚከፍለው ማን ነው? በዚህ አወዳድራቸው።

ሁለተኛ፣ ኤፍ ኦ ቢ ጅቡቲ ብለህ ከፈረምክ እህሉ መርከብ ላይ እስኪወጣ ድረስ ያንተ ነው። ባቲ ላይ መኪና ቢገለበጥ፣ ፒኬ 12 ላይ ዝናብ ቢያገኘው፣ ወደብ ውስጥ ጆንያ ቢጎድል፣ ሁሉም ያንተ ነው። ሰው «ኤፍ ኦ ቢ ነው፣ መርከቡን ገዢው ይከፍላል» ብሎ ዘና ይላል። መርከቡን ገዢው ይከፍላል፣ ልክ ነው። ከመርከቡ በፊት ያለው ጣጣ ግን አንድም አልተቀነሰልህም።

ሚሌ መውረጃ

ልጄ፣ እኔ ይህን መስመር የማውቀው ከአሰብ ጊዜ ጀምሮ ነው። ጣሊያን ያወጣው የአሰብ መንገድ ነበር ለደሴና ለኮምቦልቻ ወደባቸው። ግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር በአንድ ጊዜ ተዘጋና ሁላችንም መሪያችንን ወደ ጋላፊ አዞርን። ያን ጊዜ የነበረው የጅቡቲ ወረፋ አይነገርም።

ስለ ጭነቱ ልንገርህ። ተሳቢ ያለው መኪና የሚጭነው 400 ኩንታል ነው። ያንተ እህል 480 ኩንታል ነው። 80 ኩንታል ይተርፍሃል። ያቺ 80 ኩንታል ለብቻዋ መኪና ትፈልጋለች፣ ወይ ከሌላ ሰው ጭነት ጋር ትዳበላለች። ስትዳበል ደግሞ ሰነዱ ይወሳሰባል፤ የሌላው ሰው ወረቀት አንድ ነገር ቢጎድለው ያንተም አብሮ ይታሰራል። ስለዚህ «በጆንያ በአንድ መኪና ይወርዳል» ብሎ ያሰላልህ ሰው ካለ ደግሞ ያስላው።

በኮንቴይነር ከሆነስ? ባዶው ኮንቴይነር ራሱ ከ2 ቶን በላይ ይመዝናል። 24 ቶን እህል ስትጨምርበት አንዱ ከ26 ቶን ያልፋል። ሁለቱን አንድ ተሳቢ ላይ ማስቀመጥ አይሆንም፣ ሚዛን ላይ ይያዛል። ለእያንዳንዱ አንድ አንድ መኪና ነው። እንግዲህ በዚህም ሁለት መኪና፣ በዚያም ሁለት መኪና። ልዩነቱ ያሰብከውን ያህል አይደለም።

የጆንያው ነገር ደግሞ አለ። ኮምቦልቻ ወዛደር ይጭነዋል። ጅቡቲ ሌላ ወዛደር ያወርደዋል። ከዚያ እንደገና ኮንቴይነር ውስጥ ይደረድረዋል። ሙቀቱ ሰው አያስቆምም፣ ሰው ይቸኩላል፣ ጆንያ በጥግ ተይዞ ይወረወራል። የሚፈነዳው ስፌቱ ላይ ነው። መሬት ላይ የፈሰሰውን በመጥረጊያ ሰብስበው ከነአሸዋው መልሰው ይሞሉታል፤ ይህን ቆሜ አይቻለሁ። አንተ እዚህ በወንፊት ስታስበጥር የከረምከው ማሾ እዚያ ጠጠር ይገባበታል። ገዢው ናሙና ሲወስድ ያችን ጆንያ ቢያገኛትስ?

የሐርቡ ልጅ

ጋሼ እድሜ ይስጥዎት። የ80 ኩንታሏን ነገር አንዳችንም አላሰብናትም ነበር፤ ደላላውም አንድ መኪና ብሎ ነው የነገረን። እንግዲህ ትዕዛዙን ወደ 40 ቶን ዝቅ ብናደርገው ይሻላል ማለት ነው?

ጅቡቲ ያለሁት

ቆይ ወንድሜ፣ ቶሎ አትወስን። እዚህ ጅቡቲ በእቃ ማስተላለፍ ስራ ላይ ነኝ፤ የቤተሰቤ አገር ወረኢሉ ነው። ጋሼ የተናገሩት ውሸት የለበትም። ግን ኮምቦልቻ መሙላትም ያለ ዋጋ አይመጣም፤ እሱን ማንም አልነገረህም።

አንደኛ፣ ባዶ ኮንቴይነር ከጅቡቲ ወደ ላይ ሲወጣ ያለ እህል የሚሄድ መኪና ነው። ያንን መንገድ የምትከፍለው አንተ ነህ። ሁለተኛ፣ ከመርከብ ድርጅቱ ኮንቴይነሩን ከተረከብክበት ቀን ጀምሮ ቀን ይቆጠርብሃል። ኮምቦልቻ ላይ ፍተሻ ዘገየ፣ ሰነድ ጎደለ፣ መኪና ጠፋ፣ ቆጣሪው አይቆምም። ሦስተኛ፣ መርከብ ይዘገያል። መርከቡ አንድ ሳምንት ቢዘገይ ቀድሞ የደረሰ ሙሉ ኮንቴይነር ወደብ ውስጥ ተቀምጦ ኪራይ ይበላል። እዚህ የሚሞላ ሰው ግን እህሉን መጋዘን አስቀምጦ መርከቡ መቃረቡን ሲያረጋግጥ ባዶውን ወስዶ በአንድ ቀን ሞልቶ ያስገባል። ኮንቴይነሩ እጁ ላይ አይቆይም።

ወዛደር ይጥለዋል ያሉት እውነት ነው። መፍትሄው አንድ ሰው ከእናንተ እዚህ መጥቶ ሲራገፍ መቆም ነው። ትርፍ ባዶ ጆንያና መርፌ ይዞ ይምጣ። የፈሰሰውን ለይቶ ያስቀምጥ፣ ከጥሩው ጋር አይቀላቀል። ሰው ቆሞ ያየው ጭነትና ማንም ያላየው ጭነት እኩል አይደሉም። በግንቦትና በመስከረም መካከል ከሆነ ግን እኔም ራሴ አልመክርህም። ሙቀቱ ከባድ ነው።

ከፓርኩ

ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ላኪ ፋብሪካ ላይ የጭነት ክፍል ነው የምሰራው። የእኛ እቃ ከእናንተ ይለያል። ልብስ ቀላል ነው፣ ቦታ ይጨርሳል እንጂ ኪሎ አይጨርስም። ስለዚህ ባለ 40 ጫማውን ረጅሙን ነው የምንይዘው። እህል በተቃራኒው ነው። ባለ 20 ጫማው 33 ሜትር ኩብ ያህል ይይዛል፤ 24 ቶን ማሾ ሲገባበት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ኪሎውም ያልቃል። ለእህል ባለ 20 ጫማ መምረጣችሁ ትክክል ነው።

እኔ ኮምቦልቻ ይሞላ ከሚሉት ወገን ነኝ። ምክንያቴ ወዛደሩ አይደለም። ወደ ኢንዶኔዥያ የሚሄድ እህል ባህር ላይ ብዙ ሳምንት ይቆያል፤ በመንገዱም ወደብ ላይ መርከብ ይቀይራል። ከመጋዘናችሁ ታሽጎ የወጣ ኮንቴይነር ገዢው ጋ ደርሶ እስኪከፈት ድረስ ማንም አይነካውም። የጎደለ፣ የተቀላቀለ፣ የረጠበ ነገር ቢኖር የት እንደሆነ ማወቅ ይቻላል። ሁለት ጊዜ የተጫነ እህል ላይ ግን ሁሉም «እኔ ጋ አይደለም» ይላል።

ግን ኮንቴይነሩን ዝም ብላችሁ አትቀበሉ። እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ባዶው ሲመጣ ከመኪናው ሳይወርድ ውስጥ እገባለሁ። በሩን ከውጭ ያዘጉልኛል። ጨለማ ውስጥ ቆሜ ጣሪያውን፣ ጎኑን፣ የበሩን ጎማ አያለሁ። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን ከገባች ውሃም ይገባል፤ ይመለሳል። ከዚያ አሸታለሁ። የቆዳ፣ የኬሚካል፣ የናፍጣ ሽታ ካለ ይመለሳል፤ ማሾ ሽታ ይስባል። ወለሉን በእጄ እነካለሁ። እንጨቱ እርጥብ ከሆነ ይመለሳል። ሾፌሩ ይቆጣል፣ ይቆጣ። አንዴ ከተሞላ በኋላ ማንም ኃላፊነት አይወስድም።

እርጥበቱ ዋናው ነገር ነው። እህሉ እርጥበቱ ከ12 በመቶ በታች መሆኑን ለኩ፤ መለኪያው ትንሽ መሳሪያ ነው፣ ከየጆንያው ናሙና ውሰዱ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ሚሌ 500 ሜትር ገደማ። በቀዝቃዛ ጠዋት የታሸገ ኮንቴይነር ከሰዓት በኋላ አፋር በረሃ ውስጥ ይገባል፣ ማታ ይበርዳል፣ ባህር ላይ ደግሞ ሌላ ነው። በዚህ መሃል ከእህሉ የሚወጣው እርጥበት ጣሪያው ላይ ጤዛ ሆኖ መልሶ ይንጠባጠባል። የላይኛው ረድፍ ሻገተ ሲባል የምትሰሙት እሱ ነው። ስለዚህ ጤዛ ባለበት ጠዋት አትጫኑ፣ ፀሐይ ሲሞቅ ጀምሩ። ወለሉንና ጎኑን ወፍራም ወረቀት አልብሱ፣ እርጥበት የሚመጥ ከረጢት ስቀሉ፣ ከላይ ባለው ረድፍ ላይም ወረቀት ዘርጉ። የእንጨት ፓሌት የምትጠቀሙ ከሆነ የመታከም ማህተም ያለበትን ብቻ፤ እምብርቱ ድረስ 56 ዲግሪ ሙቀት ለ30 ደቂቃ ያገኘ ማለት ነው። ማህተም የሌለው እንጨት ብዙ አገር ወደብ ላይ ያስይዛል። ለማሾ ግን ጆንያውን በቀጥታ ብትደረድሩት ይሻላል፣ ፓሌት ቦታና ኪሎ ይበላል።

ትራንዚተር ነኝ

እህቴ ጥሩ አድርገሽ ነው ያብራራሽው። አንድ ነገር ልጨምር። ከሰኔ 2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በዓለም አቀፉ ሕግ የተረጋገጠ ክብደት ያልቀረበለት ኮንቴይነር መርከብ ላይ አይወጣም። የጆንያ ቁጥር በ50 አባዝቶ መጻፍ ብቻ አይበቃም፤ የጆንያው፣ የወረቀቱና የኮንቴይነሩም ክብደት ይደመራል። ወይ ደግሞ ሙሉውን በታወቀ ሚዛን ላይ አስመዝኖ ወረቀቱን መያዝ ነው። ይህ ወረቀት የሚገባበት ሰዓት አለው፤ ካለፈ ኮንቴይነሩ ወደብ ውስጥ ቆሞም ቢሆን መርከቡ ጥሎት ይሄዳል።

የጢጣ ነጋዴ

እኔ አስመጪ ነኝ፣ ደሴ። የቤት እቃና የስፌት መኪና ነው የማስገባው። ጅቡቲ ያለኸው ወንድማችን «ባዶ ኮንቴይነር ከጅቡቲ ይወጣል» ስትል ከሌላው ወገን ሆኜ ልመልስልህ። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ የሚገባው የእኛ የአስመጪዎች ኮንቴይነር እቃው ሲራገፍ ባዶውን ነው ወደ ጅቡቲ የሚመለሰው። እኔ ባዶ ለመመለስ እከፍላለሁ፣ የሐርቡ ልጅ ባዶ ለማምጣት ይከፍላል። ሁለት መኪና ባቲ ዳገት ላይ ባዶ ኮንቴይነር ጭነው ይተላለፋሉ። ይህ ያንገበግበኛል።

መገናኘት ብንችል እኔ ያራገፍኩትን እሱ ይሞላዋል። ከመርከብ ድርጅቱ ፈቃድ ይጠይቃል፤ እኔ ያመጣሁበት ድርጅትና የእሱ ገዢ የያዘው ድርጅት አንድ መሆን አለበት፣ ኮንቴይነሩም እህል የሚያስጭን ንፁህ መሆን አለበት። ሁልጊዜ አይገጥምም። ግን ገዢህ መርከብ ከመያዙ በፊት «በየትኛው ድርጅት ነው የምትይዘው?» ብለህ ጠይቀውና ኮምቦልቻ ላይ የማን ባዶ እንዳለ አጣራ። እኛም ብንሆን እዚህ ደሴና ኮምቦልቻ ያለን አስመጪና ላኪ መተዋወቅ አለብን። እርስ በርስ ሳንተዋወቅ እያንዳንዳችን ለጅቡቲ መንገድ ሁለት ጊዜ እንከፍላለን።

በዚያው የቀን ነገር ከተነሳ ሁለቱን ክፍያ ለይታችሁ እወቁ። ሙሉው ኮንቴይነር ወደብ ውስጥ ከተፈቀደለት ቀን በላይ ሲቆይ የሚከፈለው ዲመሬጅ ነው። ከወደብ ወጥቶ ባዶው እስኪመለስ ያለው ደግሞ ዲቴንሽን ነው። ነፃው ቀን የሚወሰነው መርከብ ሲያዝ ነው፤ ከረፈደ በኋላ ማልቀስ ዋጋ የለውም። እኔ ሻጩን ሁልጊዜ 21 ነፃ ቀን አስፈቅድ እለዋለሁ፣ ቢል ኦፍ ሎዲንጉ (የመርከብ ድርጅቱ የሚሰጠው የጭነት ሰነድ) ላይ እንዲጻፍም አደርጋለሁ።

ሌላው ቢል ኦፍ ሎዲንጉ ላይ የሚጻፈው የመድረሻ ቦታ ነው። በመልቲሞዳል (በአንድ ሰነድ ከመርከብ እስከ ደረቅ ወደብ) የመጣ እቃ የሚሄደው የተጻፈለት ደረቅ ወደብ ነው። አንድ አቅራቢ ኮምቦልቻ በል ብዬ ጽፌለት ሳለ በልማድ ሞጆ ብሎ ላከው። እቃዬ ሚሌ መገንጠያ ላይ ደርሶ፣ ኮምቦልቻ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው፣ ወደ ደቡብ ታጥፎ አዋሽን አቋርጦ ሞጆ ሄደ። ከዚያ በአዲስ አበባ በኩል እንደገና ወደ ደሴ አስመጣሁት። ለማረም ሞክሬ ነበር፤ ወረቀቱ እስኪስተካከል የሚቆምበት ኪራይ ከመንገዱ በለጠ። የውጭ አቅራቢ ኢትዮጵያ ሲባል ሞጆ ብቻ ነው የሚያውቀው። ረቂቁን ሳታዩ አታስወጡ።

ገራዶ

ይቅርታ፣ ዩኒቨርሲቲ ሎጂስቲክስ ተማሪ ነኝ። ባቡሩ ለምን አይነሳም? ከአዋሽ ኮምቦልቻ ሐራ ገበያ የተዘረጋው 390 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ እኮ ደጃችን ነው። አዋሽ ላይ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር ጋር ይገናኛል።

ሚሌ መውረጃ

አብሽር ልጄ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው። ሐዲዱ ተዘርግቷል፣ መደበኛ የጭነት ባቡር ግን አልተጀመረበትም። የኤሌክትሪክ መስመሩም አልተሟላም፣ በጦርነቱም ተጎድቷል። እሱ ስራ የጀመረ እለት እኛ ሾፌሮች ረጅሙን ትተን አጭሩን እንሰራለን፣ ቅርም አይለንም። ማሾው ግን የዛሬ ነው።

የሐርቡ ልጅ

ጓደኛዬም «ሞጆ ወስደን ከዚያ በባቡር» ይላል።

ትራንዚተር ነኝ

ካርታ አሳየው። ኮምቦልቻ ከጅቡቲ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆና ሳለ እህሉን ወደ ኋላ አዲስ አበባን አሳልፎ ሞጆ ማድረስ፣ ከዚያ 700 ኪሎ ሜትር ያህል በባቡር ማውረድ? ለነቀምት ቡና ይሆን ይሆናል። ለቃሉ ወረዳ ማሾ አይሆንም። ይህን ዝጉት።

ጅቡቲ ያለሁት

መርከቡን ማንም አላነሳውም። ኤፍ ኦ ቢ ስለሆነ ገዢው ነው የሚይዘው፣ ግን «በየት በኩል?» ብለህ ጠይቀው። ጅቡቲ ከባብ ኤል መንደብ ውጭ፣ በኤደን ባህረ ሰላጤ በኩል ናት። ወደ ምስራቅ የሚሄድ እቃ ቀይ ባህር መግባት የለበትም። ሳላላ ወይ ኮሎምቦ ወይ ሲንጋፖር ላይ የሚቀይር ከሆነ በቀጥታ ይወጣል። ጅዳ ላይ የሚቀይር ከሆነ ግን እህልህ በባብ ኤል መንደብ ወደ ሰሜን ይገባል፣ ጅዳ ይራገፋል፣ ከዚያ በዚያው በር ተመልሶ ይወጣል። ከ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ መርከቦች ላይ ጥቃት ሲደርስበት የነበረው በር ማለት ነው። ትልልቆቹ ድርጅቶች በደቡብ አፍሪካ ዞረው መሄድ የጀመሩት በዚያ ምክንያት ነው፤ ለአውሮፓ እቃ አስርም አስራ አራትም ቀን ጨመረ። አንተ ወደ ምስራቅ ስለምትልክ ዕድለኛ ነህ፣ ዕድልህን በመርከብ ቅየራ አታበላሸው።

ከፓርኩ

በዚህ ላይ ልጨምር። የእኛ እቃ ወደ አውሮፓ ስለሚሄድ ይህ ነገር የመርከብ ቀናችንን ሙሉ በሙሉ አዛብቶብናል። አሁን የምንሰራው ከመርከቡ ወደ ኋላ እየቆጠርን ነው። ወደቡ ኮንቴይነር መቀበል የሚያቆምበት ቀን አለ። ከዚያ የጅቡቲ ወረፋ፣ ከዚያ መንገዱ፣ ከዚያ ፍተሻው፣ ከዚያ ጭስ። ማሾ በጭስ መታከም አለበት፣ ጭሱም ቀኑን ሳይጨርስ አይከፈትም፤ የእፅዋት ጤና ምስክር ወረቀትም ከዚያ ጋር ይያያዛል። ይህን ሁሉ ቆጥራችሁ የምትደርሱበት ቀን ነው መጋዘናችሁ በር ላይ መኪና መቆም ያለበት። እህሉ ስለተዘጋጀ ብላችሁ አትነሱ።

ትራንዚተር ነኝ

ኤል ሲው ተከፍቷል?

የሐርቡ ልጅ

ረቂቁ ነው የመጣው። ባንኩ እዩትና ተስማሙ ብሎናል።

ትራንዚተር ነኝ

አልሐምዱሊላህ። እንግዲያውስ ከመስማማታችሁ በፊት እነዚህን እዩ፣ በጥሞና።

በከፊል መላክ ተፈቅዷል ይላል ወይ? ሁለት ኮንቴይነር ነው የምትልኩት። አንዱ መርከብ ላይ ወጥቶ አንዱ ለቀጣዩ መርከብ ቢገፋ፣ ኤል ሲው በከፊል መላክ ክልክል ነው ካለ ለወጣውም አትከፈሉም። ይህ በየጊዜው የሚደርስ ነገር ነው። መርከብ መቀየር ተፈቅዷል ይላል ወይ? ከጅቡቲ ጃካርታ ቀጥታ መርከብ ብሎ ነገር አትጠብቁ።

የመጨረሻው የመጫኛ ቀን መቼ ነው? ቢያንስ አንድ መርከብ ቢያመልጣችሁ ቀጣዩን የሚያስይዝ ቀን ይኑረው። ሰነድ የምታቀርቡበት ቀንም ይቆጠራል፤ ኤል ሲው ሌላ ካላለ ከተጫነ በኋላ 21 ቀን ነው። ቢል ኦፍ ሎዲንጉ ጅቡቲ ወጥቶ፣ ኮምቦልቻ ደርሶ፣ ባንክ እስኪገባ 21 ቀን ረጅም አይደለም።

ውሉ ላይ ኤፍ ኦ ቢ የሚለውንም አንሱበት። ኮምቦልቻ የምትሞሉ ከሆነ ትክክለኛው ኤፍ ሲ ኤ ኮምቦልቻ ነው። ለአጓጓዡ ያስረከባችሁበት ቦታ ላይ ኃላፊነታችሁ ያበቃል። ኤፍ ኦ ቢ ድሮ ያለ ኮንቴይነር በቀጥታ መርከብ ላይ ለሚጫን እቃ የወጣ ነው፤ በ2020ው ኢንኮተርምስ (የዓለም አቀፍ ንግድ ውል ቃላት ደንብ) ላይም ለኮንቴይነር የሚመከረው ኤፍ ሲ ኤ ነው። ገዢው «ባንኬ መርከብ ላይ የተጫነ የሚል ሰነድ ይፈልጋል» ካላችሁ ለዚያም መልስ አለው፤ ገዢው አጓጓዡን ያንን ሰነድ ስጣቸው ብሎ ማዘዝ ይችላል፣ ደንቡ ላይ አለ። እሺ ላይላችሁ ይችላል። የኢትዮጵያ እህል ገዢ ሁሉ የለመደው ኤፍ ኦ ቢ ጅቡቲ ነው። እምቢ ካለ ዋጋው ላይ እስከ መርከቡ ያለውን ወጪ ሁሉ ጨምሩ፣ እስከ መርከቡ ያለውንም መድን ግቡ።

የጢጣ ነጋዴ

መድን ስትገቡ ምን እንደሚሸፍን አንብቡ። ሲ የሚባለው አንቀጽ ርካሹ ነው። መኪና ቢገለበጥ፣ ቢቃጠል፣ መርከብ ቢሰጥም ይሸፍናል፤ ስርቆት አይሸፍንም። ኤ የሚባለውን ግቡ።

ደግሞ «እህሌ ደህና ከሆነ መድን ምን ያደርግልኛል» አትበሉ። በ2021 እ.ኤ.አ. ሱዌዝ ላይ ስድስት ቀን የተሰነቀረውን ኤቨር ጊቨን ታስታውሳላችሁ። የማንም ኮንቴይነር አልጠፋም። ግን መርከቡን ለማውጣት የወጣውን ወጪ ባለ እቃዎቹ ሁሉ እንዲካፈሉ ተጠየቁ። መድን ያለው መድን ድርጅቱ ዋስትና ገባለት፤ የሌለው ከኪሱ ማስያዣ ሳያቀርብ እቃውን አያገኝም።

የሐርቡ ልጅ

ሁላችሁንም አላህ ያክብራችሁ። ከጓደኞቼ ጋር ቁጭ ብለን ሁሉንም አነበብነው። ኮምቦልቻ እንሙላ ብለን ተስማምተናል። ለገዢው ጽፈንለታል፤ የትኛውን የመርከብ ድርጅት እንደሚይዝ፣ የት እንደሚቀይርና በከፊል መላክ እንዲፈቀድ ጠይቀነዋል። ኤፍ ሲ ኤ አይሆንም ብሏል፣ ስለዚህ ኤፍ ኦ ቢውን ይዘን ዋጋውን እያስተካከልን ነው። ጋሽ የጢጣ ነጋዴ፣ የእርስዎ ባዶ ኮንቴይነር የሚራገፈው መቼ ነው? ድርጅቱ ከገጠመ ልናነጋግርዎ እንፈልጋለን።

የጢጣ ነጋዴ

አሁን መንገድ ላይ ነው፣ ሰመራ አልፏል። አንዱ ባለ 20 ጫማ ነው። ድርጅቱ ከገጠመ እኔ ቀድሜ ለወኪሉ እጽፋለሁ። ሲራገፍ ግን እህታችን እንዳለችው ገብታችሁ ጨለማ ውስጥ እዩት፤ እኔ የምጭንበት ብረት ነው፣ ለብረት የሚሆን ሁሉ ለእህል አይሆንም።

ከፓርኩ

የማሸጊያውን ቁጥርም ኮንቴይነሩ ከመነሳቱ በፊት ፎቶ አንሱት። ዲክላራሲዮኑ (የጉምሩክ ሰነዱ)፣ የጭነት ዝርዝሩና ቢል ኦፍ ሎዲንጉ ላይ አንድ ዓይነት መጻፉን አይታችሁ አስተያዩት። የተለያየ እንደሆነ ባንኩ ሰነዱን ሊመልሰው ይችላል።